እሰግዳለሁ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ

አባቴ ቄስ ናቸው። መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች ደብር ዕድሜ ልካቸውን ሲቆሙና ሲሰግዱ ቀኝ ጉልበታቸው አለቀ። የአዲስ አበባው ሐኪም «በብረት መተካት አለበት» ሲል ከእሳቸው ይልቅ የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

እኔ መምህር ነኝ፤ ደግሞም ችኩል። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ውጭ አገር ይህን ሥራ በሮቦት እንደሚሠሩት አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ። «በጎቹን ሸጠን ህንድ እንሂድ!» አልኩ።

አባቴ ሳቁ። «የመንዝ በግ ሮቦት ከገዛማ ምን ጠፋ! ይልቅ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ከዳንኩ በኋላ እሰግዳለሁ ወይ? የማልሰግድ ከሆነ ምርኩዜ ይሻለኛል።»

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን ለብቻው አገኘሁትና ስለ ማሽኑ አፋጠጥኩት። ታግሦ አስረዳኝ፦ «ኮምፒውተሩ የጉልበቱን ቅርጽ ይለካል፤ የማሽኑ ክንድ የአጥንት መጋዙን ከልኩ እንዳያልፍ ይይዛል። እኛ ማሽኑ ስለሌለን ልኩን በመሣሪያና በዓይናችን እንወስዳለን። ሮቦቱም ቢሆን ያለ ሐኪም አይሠራም። የዳኑ ሰዎችን አረማመድ አይተህ ይሄ በእጅ፣ ያ በማሽን ብለህ መለየትህን እንጃ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ቢጣመምስ?» ስል ነርሷ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች። አባቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጠየቅኸው?»

ወይ ጉዴ! ልመለስ ብል በሩ ተዘግቷል።

«ይሰግዳሉ ብሏል» አልኩ።

አማተቡና የፈቃዱን ወረቀት ፈረሙ።

በእጅ ተሠራላቸው። በወራት ውስጥ ዳገቱን ያለ ደጋፊ ወጡ፤ አገሩ ጉድ አለ። እኔ ግን ዐቢይ ጾም ገብቶ የስቅለት ስግደት በቀረበ ቁጥር መቀመጫ አጣሁ። ጨንቆኝ ለሐኪሙ ደወልኩና የአባቴን ጥያቄ ጠየቅኩት። «መንበርከክ ይከብዳቸዋል፤ በማሽንም ቢሆን ዋስትና አልነበረም» አለኝ። ለአባቴ አልነገርኩም፤ ፈራሁ።

ስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሣ፣ አባቴ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። በሦስተኛው ግድግዳ ያዙ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ዋሉ፤ ማየት አልቻልኩም።

ማምሻውን እንደ ወጉ ምእመኑ እየተሰለፈ በወይራ ቅጠል ይጠበጠባል፤ ቄሶቹም ለየሰዉ ስንት ስግደት እንደሚሰግድ ያዝዛሉ። እኔ የደረስኩት አባቴ ፊት ነው። ጎንበስ ስል ጆሮዬ ሥር ቀስ ብለው ተናገሩ፦

«ያ ሐኪም ዋሸኝ። ግን እንድራመድ ብሎ ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ። አንተም እንዳትቀየመው።» ጀርባዬን በወይራው ጠበጠቡኝ። «አርባ አንድ ስገድ። ለእሱም አርባ አንድ ጨምርለት።»

«እሺ፣ አባዬ» አልኩና ጨመርኩለት።