ድንቹ የኔ ነው ያልኩ ቀን

ልጄ ሰሞኑን ስልኳ ላይ ፈረንሳይኛ ትማራለች። «ድመቷ ወተት ትጠጣለች» ያስብላታል። የድመቷን ጉዳይ ለማን ልታመለክት እንደሆነ እንጃ። የኔ ፈረንሳይኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱ ግን ሥራ ሠርቷል።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሰበታ ላይ ከገበሬ ድንች እየሰበሰብኩ ለአንድ የጅቡቲ ገዢ አቀርብ ነበር። አቀርብ ነበር ስል አፌን ሞልቼ ነው እንጂ፣ ሰውየው መኖሬንም አያውቅም ነበር። ፈረንሳይኛ የሚችለው ከቡራዩ የሚመጣ ደላላ ብቻ ነው፤ የሁላችንንም ድንች «የኔ ነው» እያለ እንደሚያስረክብ አንድ ሾፌር ሹክ አለኝ። ገዢው ቋሚ አቅራቢ ሊመርጥ መሆኑንም ጨመረልኝ።

ኦቦ ቶሌራ ዘንድ ሄድኩ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ በድሮው የጅቡቲ ባቡር ዘመን ከፈረንሳዮች ጋር ስልከኛ ሆነው ሲሠሩ ፈረንሳይኛን በጆሯቸው ለቅመዋል። ዋጋና ቁጥር ያስተምሩኝ አልኳቸው።

«ባለቤቱ ላልታወቀ ዕቃ ዋጋ ምን ያደርግልሻል? መጀመሪያ ያንቺ መሆኑን ተናገሪ» አሉኝ።

ሌ ፖም ደ ቴር ሶን ታ ሟ። ድንቹ የኔ ነው። ድንችን «የመሬት ፖም» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ መቼም ነጋዴ ነው። ክረምት ነበር፤ በዚያ ጭቃ ትኩስ ቅቅል ድንችና ሚጥሚጣ ይዤ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። አንድ ድንች ከሆነ «ኤ»፣ ብዙ ከሆነ «ሶን»፤ ግሱ እንደኛ መጨረሻ አይጠብቅም፣ መሃል ይገባል። «ን» አፍንጫ ውስጥ ትቅር፣ «ር» ከጉሮሮ ትምጣ ይሉኛል፣ ድንቻቸውን እየላጡ። «ሟ» ስል ከንፈሬ አለመሾሉን ሳይቀር በጆሯቸው ያዩታል። እንደሳቸው ያየኝ አስተማሪ የለም።

ገዢው የመጣ ቀን፣ ደላላው ጆንያዬን መታ መታ እያደረገ ሲያወራ ወደ ፊት ወጣሁና ዓረፍተ ነገሬን ለገዢው አልኩት።

«ተዋት፣ ቀልደኛ ናት» አለ ደላላው በአማርኛ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ገዢው ግን ቀጥሎ ያለውን ክምር በጣቱ አሳየኝ። የኔ አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁና የክምሩን ባለቤት፣ ከኋላ የቆመውን ገበሬ፣ ጠቆምኩት። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሰውየው እጄን ጨበጠኝና ፈረንሳይኛውን አወረደው። አንድም ቃል አልገባኝም። ለሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ግን ያስጠራው እኔን ነው።

ኦቦ ቶሌራ ካረፉ ቆይተዋል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንድማር ብዙ ጎተጎቱኝ፤ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ፣ ይቆጨኛል። ዛሬ ከውጭ ገዢ ጋር ስገናኝ አስተርጓሚ እቀጥራለሁ። ከፊቴ ግን አላቆመውም።