በሰው ስልክ የሚዞር እግር

ፎቶው መጀመሪያ የደረሰው ለሴት ልጁ ነው። ሰኞ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ስልኳን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣችና "አባዬ፣ ይሄ ያንተ እግር አይደለም?" አለችው።

የእሱ ነው። ሰው የራሱን እግር በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ሲያገኘው ወዲያው አያምንም፤ ይሄኛው ግን የሚካድ አልነበረም። ከጉልበት በታች የሰለለች ቀኝ እግር፣ እስከ ጉልበት የተጠቀለለ ግራጫ ሱሪ፣ አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ የሻይ ብርጭቆ። ከላይ ደግሞ፣ ሲቀመጥ ልብ ያላለው፣ "ይከተቡ፤ ራስዎንና ቤተሰብዎን ይጠብቁ" የሚል ባነር ተወጥሯል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ "በሁለት እግሩ ገብቶ እንዲህ ሆኖ ወጣ። ላልሰማ አሰሙ።"

ባለእግሩ የሆስፒታል ልብስ ሰፊ ነው። ጋሽ ሜትር ይሉታል፣ ከአንገቱ በማይወርደው ቢጫ መለኪያ የተነሳ። ሚስቱ "የሠርጋችን ዕለት እንኳ አላወለቀውም" ትላለች፤ ውሸቷን ነው፣ ግን ጎረቤቱ በሙሉ ያምናታል። ሃያ ሦስት ዓመት ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላ ሲጥፍ፣ ጋዋን ሲሰፋ ኖሯል፤ ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ ጭንብል ተጨምሮበታል። ቀኝ እግሩ ስለማትታዘዘው የስፌት መኪናውን ፔዳል በግራው ይረግጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ታዲያ የምትቆረጥመው ምንም ሳትሠራ የዋለችው ናት። ስለዚህ ከበሩ ውጪ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሱሪውን ጠቅልሎ ፀሐይ ያሞቃታል። የክትባቱን ድንኳን ወንበሩ አጠገብ የተከሉት ባለፈው ሳምንት ነው። ከወረፋው አንዱ ስልኩን አወጣ፤ ይኸው ነው ነገሩ።

እግሩ እንዴት እንደሰለለች የሚያውቀው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጅ ሆኖ ከግንብ ላይ ወድቆ ነው። እንዲያ ብሎ ነግሯቸዋላ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሰባት ዓመቱ ትኩሳት ይይዘዋል፤ እናቱ አዝላ መርፌ ይወጋል ከሚባል ሰውዬ ቤት ትወስደዋለች። ሰውዬው ቂጡ ላይ ወጋው። ትኩሳቱ ወረደ፤ በማግስቱ ሊነሳ ሲል እግሩ አልታዘዘው አለ። ዘመድ እየመጣ "አንቺ ነሽ ያስበላሽው" ሲላት እየሰማ አደገ። ዕድሜው ከፍ ሲልና ለሚጠይቀው ሰው ራሱ መመለስ ሲጀምር ግንብ አበጀ። እናቱ ካረፈች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ እሱ ግን በተጠየቀ ቁጥር አሁንም ከዚያ ግንብ ላይ ይወድቃል።

እና ክትባቱን አልወሰደም። ድንኳኑ ከክፍሉ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ በየቀኑ "ነገ" ይላል። ሚስቱ ተከትባ ሁለት ሳምንት ደብቃዋለች። ያወቀባት ከቁም ሳጥን ላይ ሻንጣ አውርጂልኝ ሲላት ክንዷን ይዛ "እህ" ስትል ነው። ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት፣ ስለ እግርህ ብዬ ነው አለችው። ለእሷ እውነቱን ነግሯታል፤ ከእሷ ሌላ በገዛ አፉ የነገረው ሰው የለም።

የዚያን ዕለት አውቶቡስ ላይ ሲወጣ አንዲት ሴትዮ ስልኳን አየች፣ እግሩን አየች፣ ተነሳችለት። "ይቀመጡ አባቴ፤ ምን ዓይነት ጊዜ ነው የመጣብን" አለች። በክትባት አይደለም ቢላት ለበሽተኛ በሚባል ድምፅ "እሺ፣ እሺ" አለችው። ከኋላ መቀመጫ ደግሞ አንዱ ተከፍሎት ያነክሳል ብሎ ለጎኑ ሰው አስረዳ። ጋሽ ሜትር ከመውረጃው አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወረደ። በእግሩ ሲሄድ ደግሞ ሰው ዞሮ የሚያየው መሰለው፤ ቀጥ ብሎ ለመራመድ ሲሞክር ይበልጥ አነከሰ። እስከ ማታ ሁለት ጋዋን ገልብጦ ሰፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ እያደር ደፈረሰ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ፎቶውን ሰፈር ውስጥ የበተነው ማን እንደሆነ አጣርቶ ራዲዮ ጋ ሄደ። ራዲዮ እነሱ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ስልክ የሚጠግን ሰው ነው፤ ስሙን ያገኘው በጥገናው ሳይሆን በአፉ ነው። ጋሽ ሜትር በትሕትና አጥፋልኝ አለው። ራዲዮ ብሎኑን እየፈታ፣ እኔ ባጠፋው ስንት ሰው ጋ አለ መሰለህ አለ። ደግሞም ሕዝብ መንቃት አለበት፤ ሰው በገዛ አካሉ ማንም ሊያዝበት አይገባም፣ አለ።

"የኔ እግር የገዛ አካሌ አይደለም?" አለ ጋሽ ሜትር።

ይቺ ራዲዮን ትንሽ አሳቀችው። "ቆይ፣ አንተ ራስህ ተከትበሃል?"

"አልተከተብኩም።"

"በቃ፣ ከኛ ጋር ነሃ።"

"ከማንም ጋር አይደለሁም። እግሬን መልሱልኝ ነው የምለው። ከግንብ ወድቄ የሰለለ እግር ነው።"

ራዲዮ ስልኩን አዞረለት። ከፎቶው ሥር ሰው ተከራክሯል። አንዱ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሰውዬው ድሮ ከግንብ የወደቀ ነው ብሎ ጽፏል፤ ሌላው ደግሞ ከግንብ የወደቀ አጥንቱ ይሰበራል እንጂ እንዲህ አይሰልልም፣ ውሸታም፣ ብሎ መልሶለታል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሳቅ ነው። ራዲዮም "እንግዲህ ግንብህን አፍርሰውታል" አለው።

ጋሽ ሜትር ደሙ ፈላ። አርባ አምስት ዓመት የያዘውን እዚያው ብሎንና ሽቦ መሀል ዘረገፈው፤ ይሄ እግር የሰለለው ዛሬ አይደለም፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው፣ አንድ የማያውቅ ሰው መርፌ ቦታ ስቶ ወግቶኝ ነው፣ ክትባትም አልነበረም፣ አለ።

የራዲዮ እጅ ቆመ። "መርፌ ነው?" አለ። "ታዲያ ምኑን ዋሸን?"

ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከፎቶው ሥር ሌላ ጽሑፍ ተጨመረበት፦ "ባለቤቱ ራሱ አመነ፤ መርፌ ነው።"

ከሰዓት በኋላ የክትባቱ አስተባባሪ ልታነጋግረው ወረደች፤ ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት። በፎቶው ምክንያት ወረፋው በግማሽ ቀንሷል አለችው። በአጭር ቪዲዮ እንቅረጽዎት፣ ተከትቤያለሁ ደህና ነኝ ይበሉ፣ እግርዎን ያሳዩና ያልቃል። አለመከተቡን ሲነግራት ዓይኗ ለአፍታ ወደ መርፌ መያዣው፣ ወደ ክሮቹ ሄደ፤ ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዞ ይውላል እኮ ማለቷ ነው። ቶሎ ተመለሰችና፣ እንግዲያው ዛሬ ይከተቡ፣ ነገ እንቀርጽዎታለን አለች።

"እህቴ፣ እግሬን በዚያ በኩል ወሰዱት" አላት፤ "አፌን ደግሞ በዚህ በኩል ልትወስዱት ነው?"

አልተቆጣችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ትናንት የሞቱት ስድስት ናቸው ብላው ሄደች። ይሄ ከቁጣ ባሰበት። የጀመረውን የትራስ ልብስ ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ተረተረው።

አራተኛውን ሊጀምር ሲል ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷ የሚሰፋ አንሶላ ይዛ መጣች። እታለም የክትባት ቀጠሮ ወረቀቷን ቀደደችው አለችው።

እታለም የእጥበት ክፍሉ አለቃ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ ግን እታለም ነው የሚላት፣ ዋና ሐኪሙ ሳይቀር። እሱ በተቀጠረ ሳምንት የመጀመሪያውን አንሶላ የሰጠችው እሷ ናት፤ እናቱ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ከቤቱ ያልወጣችው እሷ ናት። ስኳር አለባት። የጽኑ ሕሙማን አንሶላ ከማንም በፊት የሚደርሰው እሷ እጅ ነው፤ ባለፈው ወር ከሥሯ የምትሠራ አንዲትን ሴት ቀብረዋል። ከዚያ ወዲህ ስትፈራ ስትቸር ቆይታ ለሐሙስ ተመዝግባ ነበር። ፎቶው መጀመሪያ ሲዞር "ይሄ የኛ ሜትር አይደል እንዴ፣ የግንቡ" ብላ ስቃ ትታው ነበር። ያስደነገጣት ከሥሩ የተጨመረው ጽሑፍ ነው። በውሸት ያልደነገጠችው ሴትዮ በእሱ እውነት ደነገጠች።

ጋሽ ሜትር እጥበት ክፍሉ ሲገባ ማሽኖቹ ይጮሃሉ፤ እርጥብ አንሶላ ታራግፋለች። አላየችውም እንዳይባል አይታዋለች።

"ሃያ ሦስት ዓመት" አለች። "ሃያ ሦስት ዓመት ከግንብ ጣልከኝ።"

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘላት፤ ሁለቱ እየተቀራረቡ ያጥፉ ጀመር። እናቱን ነገራት፤ ትኩሳቱን፣ ሰውዬውን፣ የዘመዱን አፍ። እናቴን ላለማሳማት ነው አላት። እታለም አንድ አንሶላ አጥፋ ሌላ አነሳች። ከዚያ እኔ እናትህን እንደማማ አድርገህ ነው የቆጠርከኝ አለች፤ ይሄኛው ከመርፌው ይልቅ ያስከፋት መሰለ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የአጥንት ሐኪም ነበር አላት። ጋዋኑን ሊያሰፋ መጥቶ አካሄዱን አየና፣ የት ነው የወጉህ ብሎ ጠየቀው። ቂጥ ውስጥ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ፣ የማያውቅ ሰው እሱን ከነካ እግር ይሰልላል፤ ክንድ ላይ ያ ነርቭ የለም፣ ብሎ በራሱ በጋሽ ሜትር መለኪያ እየለካ አሳየው።

እታለም እጇን አቆመች። "ይሄን ካወቅህ ዘጠኝ ዓመትህ ነው?"

"አዎ።"

"እና ለምን አልተከተብክም?"

"ፈርቼ።"

"አንተ እያወቅህ የፈራኸውን እኔ ሳላውቅ ልድፈረው?"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ብሎ ሊያልፋት ነበር፤ አላለም። ማወቅ ሌላ መፍራት ሌላ ነው እታለም፣ አላት። እኔ በር ዘግቼ ብቻዬን ነው የምውለው፤ አንቺ ግን የሰው ትንፋሽ ያለበትን አንሶላ ታራግፊያለሽ። ከሞትሽብኝ በዚያ ባወራሁት ነው፤ እናቴን ያማት ሰው እንኳ ይሄን ያህል አላደረገም። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ አጣቢዎቹ አልሰሙም።

እታለም እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "የኔ ሳያውቁ መፍራት ነው፤ እሱ ይድናል" አለች። "የማይድነው ያንተ ነው።" ቀጥላ፣ ሐሙስ አብረኸኝ ትሄዳለህ አለችው። "መወጋት አለመወጋት የራስህ ነው፣ ማንም አይነግርህም፣ እኔም አልነግርህም። ግን በዚያች እግርህ አጠገቤ ቆመህ ሰው ይይህ።"

ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፈው ሚስቱ ትንገራችሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ያልተበላሸ የቁም ሳጥን በር ሲጠግን ነበር፤ በመጨረሻ ተበላሸ።

ሐሙስ ወረፋው ላይ የቆመው ሰው አሥራ አምስት ቢሆን ነው። ጋሽ ሜትርና እታለም መጨረሻ ላይ ሲቆሙ ሹክሹክታው ከኋላ ወደፊት ሄደ፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ዞሮ፣ ይቅርታ እርስዎ ያ ሰውዬ አይደሉም ወይ አለ። ጋሽ ሜትር እኔ ነኝ አለ። ሱሪውን አልጠቀለለም፤ በቃሉ ብቻ ተናገረ። እዚህ ድንኳን የሆነ አይደለም፣ አርባ አምስት ዓመት አልፎታል፣ የማያውቅ ሰው ነው የወጋኝ፣ ቂጤ ላይ፣ ለትኩሳት፣ አለ። የእናቱን ነገር ግን እዚያ አላነሳም።

"እሺ፣ እርስዎ ታዲያ ተከትበዋል?" አለ ባለባርኔጣው።

እታለም ቀድማ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጋሽ ሜትር ክንዷን ያዛት።

"አልተከተብኩም" አለ።

ወረፋው ተንጫጫ። አንዱ ቢያንስ አይዋሽም አለ፤ ሌላዋ ታዲያ ለምን ሰው ሊያስፈራ መጣ አለች። ሁለት ሰዎች ወጥተው ሄዱ፤ አንደኛው ሲያልፍ ጋሽ ሜትርን ትከሻውን መታ አደረገው፣ እንደ ጓደኛ። ይሄ ከስድብ ይልቅ ቆረጠመው። ባለባርኔጣው ግን አልሄደም፤ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገና ፊቱን ወደ ድንኳኑ አዞረ።

የእታለም ተራ ሲደርስ ከሷ በኋላ የመጡ ስድስት ሰባት ሰዎች ነበሩ። መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ጥጥ ክንዷ ላይ ይዛ ወጣችና፣ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ ያሏት ወንበር ላይ፣ የእሱው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሄዳ ተቀመጠች። አላየችውም። የገባችውን ቃል መጠበቋ ነው፤ ወደ ዛፉ፣ ወደ አጥሩ፣ ወደ ሰማዩ አየች፣ ወደ እሱ ብቻ አላየችም።

ጋሽ ሜትር አሁን ከወረፋው አናት ላይ ነው። መሄድ ይችላል፤ የመጣበት ጉዳይ አልቋል። "እርስዎ ይቅደሙ" አለ ከኋላው ላለችው ሴት። ቀጥሎ ላለውም "ይቅደሙ፣ እኔ አልቸኩልም" አለ። ባለትዳሮች መጡ፣ አሳለፋቸው። ተማሪ መጣች፣ አሳለፋት። በሰለለችው እግሩ ቆሞ ሲደክመው በደህናው ይቆማል፣ ያም ሲደክመው ይመለሳል። ክፍሉ ውስጥ የተከመረ ጋዋን አለ፤ እዚያ መሆን ነበረበት። ወደዚያም አልሄደም። የሚያሳልፈው ሰው እስኪያልቅ አሳለፈ።

ነርሷ መጋረጃውን ገልጣ አየችው። ገብቶ ተቀመጠ።

"የትኛውን ክንድ ልውጋዎት?"

ጨርቅ የሚመራው በግራው ነው፤ መቀስ የሚይዘው በቀኙ። "ሁለቱም ያስፈልጉኛል" አላት።

ሳቀች፤ እሱ እንዳልሳቀ ስታይ ግን ተወችው።

"ትንሽ ላስብበት እህቴ።"

"ያስቡ፤ ከኋላዎ ማንም የለም" አለችና፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ስለነበር፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ጋሽ ሜትር የቀኝ እጅጌውን ቁልፍ ፈታ። ከዚያ የግራውን ፈታ። ትንሽ ቆይቶ የቀኙን መልሶ ቆለፈ፤ ግራው እንደተፈታ ቀረ።