ባለ ሦስት ሳጥኑ

የጽጌሬዳን ኮምፒውተር መንካት አይቻልም። ከልካይ ሆና እንዳይመስላችሁ፤ እሷስ ደግ ናት፣ «ና፣ ቁጭ በልና ሥራ» ትላለች። የተቀመጠው ሰው ግን ወንበሩ ሳይሞቀው ብድግ ይላል። የእሷ ኮምፒውተር ከእሷ ሌላ ሰው አይሰማም፣ በቃ!

ጽጌሬዳ ሲቀላ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ የቴክኒክ ሠራተኛ ናት። አየር ላይ የዋለውን ሁሉ ሰብስባ የምታስቀምጠው እሷ ናት። ቅጂዎቹ ያሉበት ሰርቨር የራሱ ስክሪን የለውም፤ የሚገባበት በተርሚናል ነው። ተርሚናል ማለት ያ ሥዕል የሌለው፣ ትእዛዙን እየጻፉ የሚነግሩት ጥቁር መስኮት ነው። ሌላው ሰው ገና ሲያየው ያዛጋል። እሷ ግን ውሎዋ እዚያ ነው፤ ሰው የሚኖርበትን ቤት እንደሚያሳምር እሷም መስኮቷን አሳመረችው።

ነገሩ የተጀመረው በፎንት ነው። የፎልደሮቹ ስም በአማርኛ ነው፣ ተርሚናሉ ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም። በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ አንድ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። «ጫሞ» ሁለት ሳጥን፣ «መዝሙር» አራት ሳጥን። እሷ ስትቀጠር የቢሮው ሰው ለምዶት ሳጥን እየቆጠረ ይሠራ ነበር። «እስቲ ባለ አራት ሳጥኑን ክፈቺልኝ» ሲሏት መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቆይታ ግን ተናደደች። የሰው ስም ሳጥን ይሆናል እንዴ?

ፎንት ፍለጋ ተያያዘችው። አንዱ ላይ የጨ እግር ይቆረጣል፣ ሌላው ላይ ሙ የጎረቤቷ ፊደል ጭን ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። ስትሞክር ስትጥል ከርማ በመጨረሻ ሁሉም ፊደል እንደ ሰው ተራውን ጠብቆ የሚቆምበት አንድ ፎንት አገኘች። መጠኑንም ከፍ አደረገችው። የዚያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ስክሪኑን ስታይ ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት? ካፕስ ሎክን፣ ያን እንግሊዝኛውን በትልልቁ የሚያስጽፈውን ማንም የማይፈልገውን ቁልፍ፣ ኮንትሮል አደረገችው፤ ኮንትሮል ከሌላ ቁልፍ ጋር ተይዞ ሲመታ ማዘዣ ነው፣ አሁን ትንሿ ጣቷ ሥር ስለሆነላት እጇ አይደክምም። የፎልደሩ ዝርዝር ረዥም ሲሆን ሽው ብሎ እንዳያልፋት ገጽ በገጽ ቆም እያለ እንዲያሳያት አዘዘችው። ከሁሉም የምትኮራበት ግን ማጥፊያው ነበር። ተርሚናል አጥፋ ያሉትን ዝም ብሎ ያጠፋል፤ እንደ ሌላው ፕሮግራም የቆሻሻ ቅርጫት የለውም፤ የሄደ ሄደ ነው። የእሷ ግን ምንም ነገር ከማጥፋቱ በፊት «ጽጌ፣ የምርሽን ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። አዎ ካላለችው ንቅንቅ አይልም።

ከቅጂዎቹ ሁሉ አብልጣ የምትሳሳለት የእማማ ሻሺቱን ነው። እማማ ሻሺቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶርዜ በጭነት መኪና ወርደው፣ ማይኩን እንደ ሰው ፊት ለፊት እያዩ፣ በጋሞኛ ተረት ይነግሩ ነበር። ያን ሰዓት ከተማው ውስጥ ሬዲዮ የማይከፍት ሱቅ አልነበረም። ካረፉ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ልጃቸው በለጥሽ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። የእናቷ ድምፅ ከጣቢያው በቀር የትም የለም፤ እሷ ጋ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ለሙት ዓመቱ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ድምፃቸውን ላሰማ ብላ ለመነች፤ ጽጌሬዳም «ቅዳሜ ይምጡ፣ ሁሉንም ስልክዎ ላይ እጭንልዎታለሁ» ብላ ቃል ገባች።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኤርጫፎ ጥሩ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ሁሉንም በትልልቁ ፊደል ካልሆነ አይሆንላቸውም። ቅዳሜ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጽጌሬዳ ምሳ ወጥታ ሳለ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጡ። ካፕስ ሎክን ነኩ፤ አልበራም። ደግመው ነኩ። ቢቸግራቸው አጥብቀው ይዘው አንድ ፊደል ሲመቱ፣ ኮምፒውተሩ እንደ ትእዛዝ ቆጥሮት መስኮቱ እልም ብሎ ጠፋ። ስትመለስ በር ላይ ጠበቋት።

«ስሚ አንቺ፣ ይሄ የቢሮ ዕቃ ነው ወይስ የጥሎሽ?»

«ምን ተፈጠረ፣ አቶ ኤርጫፎ?»

«ማንም ቁጭ ብሎ የሚሠራበት መሆን አለበት! ዛሬውኑ እንደነበረ መልሺው። እንደ ፋብሪካው!»

«ፊደሉስ? ፎንቱ እንኳ እንዳለ ይሁን እንጂ።»

«ሁሉንም ብያለሁ።»

አኮረፈች። ጽጌሬዳ ስታኮርፍ ደግሞ ለጉድ ነው! አትጮህም፣ አትከራከርም፤ የታዘዘችውን አንድ ሳታጎድል ትፈጽማለች። ፎንቱን አነሣች፣ ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ ያቺን ጠያቂዋን ሳይቀር አጠፋች። ሳጥኖቹ ተመልሰው ተደረደሩ። «ይኸው፣ ሳጥን ቁጠሩ» አለች በሆዷ።

ዓርብ ዕለት አቶ ኤርጫፎ ብቅ አሉና፣ «ሰርቨሩ ሞልቷል አሉ። ያቺን የሙከራ ፎልደር አጥፊያትማ» አሏት።

«ባለ ሦስት ሳጥኗን ማለትዎ ነው?» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዎ፣ እሷን።»

ዝርዝሩን ጠራችው። ሽው ብሎ ወረደ። መስኮቱ ላይ የቀረው የታችኛው ጫፍ ብቻ ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ሳጥን አለ። ወደ ላይ መለስ ብላ ልታይ ትችል ነበር። ግን ማን ይልፋ? ሳጥን ቁጠሪ ተብላ የለ፣ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኮፒ አድርጋ የማጥፊያው ትእዛዝ ውስጥ ከተተችውና ኢንተርን መታች። የምርሽን ነው ያላት የለም።

የሙከራ ፎልደር ውስጥ ያለው ሁለት ሦስት ቁራጭ ድምፅ ነው፤ ዓይን ሳይከደን ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። መስኮቱ ዝም አለ፣ የሰርቨሩ መብራት ይርገበገባል። ጽጌሬዳ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። «ሙከራ» ሦስት ፊደል ነው። «ሻሺቱ»ስ? ሁሉም ሰው እማማ ሻሺቱ ይላል እንጂ ፎልደሩ ላይ እማማ የሚል የለም፤ ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ወይኔ ጌታዬ!

ማስቆሚያው ኮንትሮልንና የእንግሊዝኛዋን ሲ አብሮ መምታት ነው። ትንሿ ጣቷ እንደ ልማዷ ካፕስ ሎክ ላይ አረፈች። ካፕስ ሎክ ግን አሁን ካፕስ ሎክ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሲ ተጻፈ። ደግማ መታች፤ ሌላ ሲ። «ኧረ ቁም! ኧረ ቁም በጌታ!» እያለች እስክታስታውስ፣ ትክክለኛውን ቁልፍ ከታች በኩል እስክታገኝ፣ መብራቱ ሲርገበገብ ቆየ። በመጨረሻ ቆመ።

ከፍታ ስታየው አብዛኛው የለም። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ዲስክ ይገዛል ከተባለ ስንት ጊዜው ነው፤ ስላልተገዛ ሌላ ቅጂም የለም። የተረፉት እማማ ሻሺቱ መጨረሻ አካባቢ፣ አቅም ሲያንሳቸው፣ እየሳሉ የተናገሯቸው ጥቂት ቅጂዎች ናቸው። ጽጌሬዳ ኪቦርዱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አቶ ኤርጫፎ ለቅሶውን ሰምተው ገቡ፤ ነገሩን ነገረቻቸው።

«መልሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«ያኮረፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዓይኔን ከፍቼ ባየው ምን ነበረበት?»

ጽጌሬዳ ፎንቱን መለሰች፣ ቁልፎቿን መለሰች፣ ጠያቂዋንም መለሰች። አቶ ኤርጫፎ አጠገቧ ቆመው ሲያዩ፣ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ፊደል ሆኑ። «ለእኔም ኮምፒውተር ፊደሉን አድርጊለት፤ ካፕስ ሎኬን ግን ተዪልኝ» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ በለጥሽ መጣች። ንጹሕ ነጠላ ለብሳ፣ ስልኳን ቻርጅ ሞልታ፣ ለጽጌሬዳም ዓሣ በፌስታል ይዛ። ጽጌሬዳ ዓሣውን ሳትቀበል ቆማ ተናገረች።

«እትዬ በለጥሽ፣ አጠፋሁት። ሌላውን የማጠፋ መስሎኝ የእናትዎን አጠፋሁት። የቀረው ትንሽ ነው። ምን እንደምል አላውቅም።»

በለጥሽ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። ጽጌሬዳ ብትሰድበኝ በተሻለኝ ብላ ተመኘች።

«ሳቋስ?» አለች በለጥሽ። «ተረቱን እኛም እናውቀዋለን፣ ሌላ ሰውም ይናገረዋል። ሳቋ አለ ወይ?»

ተቀምጠው የተረፉትን አንድ በአንድ ከፈቱ። አንዱ ላይ ሳል ብቻ። አንዱ ላይ ድምፃቸው አይሰማም። ሌላው ላይ እማማ ሻሺቱ ስለ ጅብና ስለ አህያዋ ሠርግ ጀመሩና፣ ሊመጣ ያለው ነገር አስቀድሞ ትዝ ብሏቸው፣ ሳይናገሩት ሳቅ አፈናቸው። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ተረቱ እዚያው ቀረ፣ አልተጨረሰም። በለጥሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ጽጌሬዳም አብራት ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፤ «ድገሚው» ስትባል ትደግማለች።

ስልኩ ላይ ከተጫነ በኋላ በለጥሽ ወዲያው አልተነሣችም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ዓይኗን አጠበበች፣ በጣቷ እያመለከተች ቀስ ብላ አነበበች፤ ሻ፣ ሺ፣ ቱ።

«የእማዬ ስም ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እስቲ ትልቅ አድርጊልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

ጽጌሬዳ ካፕስ ሎኳን ይዛ መደመሪያውን መታች። ፊደላቱ አደጉ። ደግማ መታች፣ ደግማ መታች፤ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ከመስኮቱ እየተገፋ ወጣ፣ ሦስቱ ፊደላት ብቻ ከዳር እስከ ዳር ቀሩ። በለጥሽ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተመቻቸች።

«በቃ፣ እዚያ ላይ ተዪው» አለች።