የእማዬ የመጨረሻ ክፍል

«ልጁ እኮ በመጨረሻ ይሞታል» አልኳት እማዬን። ምነው ያኔ አፌን ቁርጥ ባደረገው!

እማዬ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። የምትወደው የቱርክ ድራማ ሲያልቅ የማታ ሽፍት ላይ ስለነበረች ዛሬ እሁድ ድጋሚውን ልታይ ጓጉታለች።

ሰርቪሳቸው ውስጥ ያየ ላላየ መተረክ ልማድ ነው። እማዬ ግን መጨረሻውን እንዳትሰማ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዋን በሻርፕ ጠቅልላ ነው የተመላለሰችው። ጓደኞቿ «ጆሮሽን አመመሽ እንዴ?» እያሉ ሲስቁባት ከርመዋል።

ከሰርቪስ ሙሉ ሰው ያመለጠችውን ሴት ቤቷ ውስጥ እኔ ጠበቅኳት። ያውም ከስልኬ ቀና ሳልል፣ ፊልም አዋቂ ነኝ ባዩ ተማሪ ልጇ!

«ወይ አንተ ልጅ!» አለች።

እማዬ ለሳሙና ማስታወቂያ እንኳን የምታለቅስ ሴት ናት። «ለውሸት ታሪክ ታለቅሻለሽ?» እያልኩ ስንት ቀን ቀልጄባታለሁ።

ዛሬ የድራማው ልጅ ሲሞት አንዲት ዘለላ እንባ ሳታፈስ አየችው። ከዚያ ለእንባዋ ያዘጋጀችውን ሶፍት አጣጥፋ ወደ ቦታው መለሰችው።

እናንተስ፣ የማንን ለቅሶ ቀምታችሁ ታውቃላችሁ?