በሁዳዴ የመጣችው ፍየል

በወይራ ጭስ የታጠነ የወተት ቅል በሸተተኝ ቁጥር፣ ደባርቅ ያለው የአባቴ ቤትና የታናሽ እህቴ የውዴ ፊት ይመጡብኛል።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። አባታችን ቄስ ነበሩ፤ የገብስ ማሳና አንዲት ላም ነበሩን። በክረምት ጉሙ ወርዶ ደጃችንን ሲያለብሰው፣ እኔና ውዴ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ቂጣ በትኩስ ወተት እያራስን እንበላ ነበር። አንድ ዓመት ግን ላሚቱ በመስከረም ሞተችና በቂጣና በሽሮ ብቻ ከረምን።

በጋው ሲገፋ የውዴ አፍ ግራና ቀኝ ዳሩ ተሰነጠቀ፤ ምላሷ ቀላ፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣም ዓይኗ ያነባ ነበር። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ብትቀባት አልሻል አላት። ውዴ ሳቂታ ነበረች፤ በሳቀች ቁጥር ቁስሉ እየተተረተረ ስለሚደማ አፏን በመዳፏ ይዛ መሳቅ ለመደች፣ ኋላም ጭራሹን መሳቅ ተወች።

ሁዳዴ ሲገባ ስለባሰባት አባቴ ክሊኒክ ወሰዷት፤ እኔም ተከተልኩ። እዚያ የሚያክመው ድሬሰር አፏን አይቶ፣ «አባ፣ ቪታሚን አንሷት ነው። ክኒኑ አልቆብኛል፤ ወተትና እንቁላል ካገኘች ግን ትድናለች» አላቸው።

ውዴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ትጾም ስለነበር፣ «እኔ እጾማለሁ!» ብላ አለቀሰች። እናቴም ቤት ስንደርስ፣ «የቄስ ልጅ በሁዳዴ ወተት ጠጣች ሲባል ምን ይውጠናል?» አለቻቸው። አባቴ ግን ወተት ማፈላለግ ያዙ። በደጋው በዚያ በጋ የሚታለብ ከብት ስላልተገኘ፣ በማግስቱ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው፣ ሰው በሚፈራው የሊማሊሞ ቁልቁለት በጭነት መኪና ወደ አዲ አርቃይ ወረዱ።

የተመለሱት በገበያ ቀን ነበር። ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ ቀይ ፍየል በገመድ እየሳቡ በገበያው መሃል መጡ። አንዲት ጎረቤታችን፣ «አባታችን፣ በሁዳዴ ፍየል?» ብትላቸው፣ «ለታመመች ልጄ ወተት ነው» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ማምሻውን ፍየሏ ታልባ እናቴ በሩን ልትዘጋ ስትነሳ፣ «ተይው፤ የሰረቅነው ነገር የለም» አሏት። ከዚያም ጽዋውን ለውዴ ሰጥተው፣ «ታመሻል፤ የታመመ አይጾምም። የሚጠየቅበት ካለ እኔ እጠየቃለሁ» አሏት። ውዴ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠጣች።

ወሬው አልቀረልንም፤ አንዳንዱ ሰው ሰላምታ እስከመንሳት ደርሶ ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ግን የውዴ የአፍ ቁስል ገጠመ። ገበያ ላይ የጠየቀችው ጎረቤታችንም አፉ የቆሰለ ልጇን ይዛ መጣች፤ እናቴም ወተት ቀዳችለት።

ዛሬ ዳባት ውስጥ ነርስ ነኝ። ውዴን ያነሳት ቪታሚን ሪቦፍላቪን እንደሚባል፣ በወተት፣ በእንቁላል፣ በጉበትና በጎመን እንደሚገኝ፣ ሰውነት ብዙ ስለማያጠራቅመው በየዕለቱ መብላት እንደሚገባ ለእናቶች አስረዳለሁ፤ ያኔ ያለቀው ክኒንም አሁን በእጄ አለ።

ውዴ ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ወተት አፈላላቸዋለሁ። ግማሹን ትተው ለጨዋታ ሲሮጡ አትቆጣም፤ የተረፈውን አንስታ ቀስ ብላ ትጠጣዋለች።