ሰው ያልረገጠው አሸዋ

ባሏ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር። ከሞተ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጋራዡ አለቃ "ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ" ብሎ ከጋራዡ ጀርባ ላለው አሸዋማ ሜዳ ጥበቃ አድርጎ አስቀጠራት። ሜዳው ገና መታጠሩ ነበር። አሸዋው ውስጥ ጉድጓድ ምሶ የሚኖር፣ ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበ ጥንዚዛ አለ ተብሎ ነው።

በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም። ከዚያም ወዲህ እንባ የሚባል አልመጣላትም። ይሄ ነገር የታላቅ እህቷን አንጀት ይበላ ነበር።

"አልቅሺና ይውጣልሽ እንጂ።"

"እሺ እትዬ" ትላለች፤ በዚያው ትተወዋለች።

ስለ ጥንዚዛው ያስረዳቻት ሜዳውን የምትከታተለው ባለሙያ ናት። አንድ ጠዋት በደረቷ አስተኝታ አሳየቻት። ከእርሳስ የማይሰፋ ጉድጓድ አፍ ላይ ጠፍጣፋ ጭንቅላት እንደ ክዳን ገጥሟል። ጉንዳን ሲያልፍ ጭንቅላቱ ተስፈነጠረ፤ ጉንዳኑ የለም።

"ይሄ የጥንዚዛው ልጅ ነው" አለች ባለሙያዋ። "ሲያድግ ከጉድጓድ ወጥቶ፣ እየሮጠ ነው የሚያድነው።"

"እኔ እኮ የምጠብቀው ድመት የሚያክል ነገር መስሎኝ ነበር።"

ባለሙያዋ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም።

ሜዳው ወደ ፌርማታ የሚያቋርጥ የሰፈሩ መንገድ ስለነበር ሰው ተቀየማት። "ለጉንዳን ለቃሚ ብለሽ እኛን ታዞሪናለሽ?" ይላታል በዚያ የሚመላለስ አንድ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ።

"ታዝዤ ነው ወንድሜ።"

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ረጋጭ ያጣው አሸዋ ሣር አበቀለ፤ ሣሩ ጉድጓዶቹን ዋጣቸው። ባለሙያዋ ተንበርክካ ስትፈልግ ዋለችና አመድ መስላ ተነሳች።

"አጥሩ ነው የፈጃቸው" አለች። "የሚኖሩት ገላጣ መሬት ላይ ነው። ሜዳውን ገላጣ ያደረገው ደግሞ የሰው እግር ነበር። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።"

ጥበቃዋ ከወንበሯ ተነስታ ሣሩን በእጇ መንቀል ጀመረች።

ሁለቱ ሲነቅሉ ሰነበቱ። አጥሩ ተነሳ፤ ሰውም እንደ ድሮው ተመላለሰ። ልብስ ሰፊው "እንግዲህ እኛም በእግራችን ተቀጥረናል" እያለ ያልፋል። በበጋው እዚህም እዚያም ጥቂት ጉድጓዶች ታዩ። አጥር ከሌለ ጥበቃ ምን ይሠራል? እሷን ወደ ጋራዡ በር አዛወሯት።

"ቅር አለሽ?" አለቻት እህቷ፣ አንሶላ እያጣጠፈች።

"እንጃ። ጥንዚዛዎቹስ ደህና ናቸው መሰለኝ።"

"አንቺስ?"

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት። "ነገ የጠዋት ተረኛ ነኝ እትዬ" አለች።