ጫፋቸው የተቆረጠ ወረቀቶች

በዚያ ቀን ምሳ ላይ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ኡስታዝ ብዬ የምጠራው ፈረንሳዊው አሠሪዬ፣ ከፓሪስ ለጉብኝት የመጣች የሥነ ጽሑፍ መምህርት፣ የኡስታዝን ጽሑፎች ወደ ዐረብኛ የሚተረጉም ሱዳናዊ፣ በዩኒቨርሲቲው የኡስታዝን ቦታ ይወርሳል የሚባል ወጣት መምህር፣ ልጄና እኔ። ዘበኛውም ነበረ፤ ግን በር ላይ ስለነበር ምንም አልሰማም።

ሱዳን መጥቼ፣ ልጄን ይዤ እዚያ ቤት ስገባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ፈረንሳይኛ ያስተማረቻት የኡስታዝ ሚስት ናት። ልጅ አልነበራትምና እያጫወተች ፊደሉን አስቆጠረቻት። ሴትዮዋ ስትሞት ልጄ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ በመደርደሪያው ካለው ሁሉ እያወረደች ታነብ ነበር። እኔ ወሎ ሳለሁ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት።

የኡስታዝ ሥራ ምን እንደሆነ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሌላ ሰው የጻፈውን ልቦለድ ያነብና ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ መጥፎ ነው ብሎ ይጽፋል። በዚህ ይከበራል። ደራሲዎቹ ከፓሪስ መጽሐፋቸውን በካርቶን ይልኩለታል፣ ከውስጡም ደብዳቤ አይጠፋም። ልጄ እንደነገረችኝ ማር የተቀባ ልመና ነው። እሱ ደብዳቤውን ለእንግዶቹ ጮክ ብሎ እያነበበ ይስቅበትና በማግስቱ ለዚያው ሰው «ውድ ወዳጄ» ብሎ ይመልሳል። ወጣት ሳለ የጻፈው አንድ መጽሐፍ በአገሩ ስም አውጥቶለታል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜ ስለዚያ መጽሐፍ ሲያወራ ነው የጨረሰው።

ደግሞ አንድ አመል ነበረበት። ገጽ የሚገልጠው ጣቱን በምራቁ እያራሰ ነው። የመጻሕፍቱ ጥግ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። አቧራ ስጠርግ አፍንጫዬን በሻሽ እሸፍን ነበር። በኋላ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ልጄ ታነብለት ጀመር፤ ያንኑ ጥግ በጣቷ እየያዘች። እጅሽን ታጠቢ፣ እጅሽን ታጠቢ ስል እውል ነበር።

ያን ጊዜ አዲስ መጽሐፍ ጀምሮ ነበር፤ በፈረንሳይ ልቦለዶች ውስጥ ስላሉ የቤት ሠራተኞች። ልጄ እያነበበች ያስተዋለችውን በትንንሽ ወረቀት ጽፋ በየገጹ እንድትሸጉጥ አዘዛት። «የታየሽን ጻፊ፣ የኔን አትጠብቂ» ነበር የሚላት። ሦስት ዓመት ጻፈች። መጽሐፉ ሲታተም በመግቢያው ላይ ሥራዋን ከነስሟ እንደሚገልጽ ቃል ገባላት። ይህ ለሷ ትልቅ ነገር ነበር። ፈረንሳይ አገር ገብታ ለመማር ማመልከቻ እያዘጋጀች ነበር፤ የትምህርት ወረቀት ለሌላት ልጅ ያ ስም ምስክር ይሆናታል።

መጀመሪያ ላይ በየወረቀቱ ግርጌ ስሟን ትጽፍ ነበር። ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ከሻ የሚሉት አፈሳ በመጣ ጊዜ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሳለን ጎረቤታችን የነበረች ሴት ስሟ በአሠሪዋ ደብተር ተገኝቶ ተጭና ሄዳለች። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የሌለው ሰው ስሙን በሰው ቤት ወረቀት ላይ አይተውም፤ እኛ የምንኖረው እንዲህ ነው። የኔ ኢቃማ በኡስታዝ ዋስትና የወጣ ነው፤ የሷ አልወጣም ነበር። አንድ ቀን ገበያ በሄደችበት የወጥ ቤቱን መቀስ ይዤ ስሟን ከየወረቀቱ ግርጌ ቆረጥኩት፣ ቁራጩንም አቃጠልኩት።

«ዩማ፣ ሌባ ነኝ እንዴ ስሜን የምትደብቂው?» አለችኝ፤ «ዩማ» የምትለኝ እናቴ ለማለት ነው።

«ሌባማ ምን ቸገረው» አልኳት። «የሚደበቅ እንዳንቺ የሚያዝ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ስሟን አልጻፈችም።

ምሳው የታተመው መጽሐፍ ከፓሪስ የደረሰበት ደስታ ነበር። ዓሣ ጠብሼ አቀረብኩ። ተርጓሚው መጽሐፉን ገልጦ አንድ ቦታ ወደ ዐረብኛ እየመለሰ አነበበ፦ «ደራሲው ስለ ቤቱ መጋረጃና ስለ ፈረሶቹ ሁሉ ነግሮናል፤ ሠራተኛዋ የት እንደምትተኛ ግን አንድም ቦታ አልጻፈም።»

«ወላሂ!» አለ ወጣቱ መምህር። «ኡስታዝ፣ ዓይንህ ታመመ ስንል ጭራሽ ከኛ በላይ አየህ!»

«አርባ ዓመት ማንበብ ነው» አለና ከንፈሩን ጠረገ።

ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያቺን ቃል የተናገርኳት እኔ ነኝ። ልጄ የአንዱን ልቦለድ ታሪክ ስትነግረኝ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ «እሺ፣ ልጅቷ የት ነው የምትተኛው?» አልኳት። ገጹን መልሳ መላልሳ ፈለገችና «ዩማ፣ የለም!» ብላ ሳቀች፤ እዚያው በወረቀት ጻፈችው።

ልጄ መግቢያውንና የምስጋናውን ገጽ አንብባ ጨርሳለች። መጽሐፉን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። የገበታ ፈረንሳይኛ በነዚያ ዓመታት ጆሮዬ ለምዶታል።

«ኡስታዝ፣ ሚስትህ አለች፣ የዓይን ሐኪምህ አለ፣ ድመቷም አለች። እኔ የለሁም።»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ! የቤት ሰው ይመሰገናል እንዴ?»

«ድመቷ የጎረቤት ናት?»

ሁሉም ሳቁ፤ ቀድማ ሳቋን ያቆመችው የፓሪሷ መምህርት ናት። ልጄ ሄዳ የወረቀቶቹን ሳጥን አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። ኡስታዝ እኔም በደንብ እንድሰማ በዐረብኛ፣ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነና እሷ እሱ የነገራትን ብቻ እንደጻፈች ተናገረ። «የራሷ ከሆነ ስሟ የታለ?» አለ።

መምህርቷ አንዱን ወረቀት አነሳች፣ ሌላም ጨመረች። ግርጌያቸው ለምን እንደተቆረጠ ጠየቀችና ተርጓሚው ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረው። «ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ?»

ኡስታዝ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። «ኢቃማሽ በሚቀጥለው ወር ያልቃል መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አስታውሺኝ እሺ።»

«አላውቅም» አልኩ። «እኔ የወጥ ቤት ሰው ነኝ።»

ተርጓሚው የልጄን የእጅ ጽሑፍ ያውቀዋል። ስንት ጊዜ መጻሕፍቱን ከነወረቀቶቿ ተውሶ አንብቦ መልሷል። አሁን አንገቱን ደፍቶ እሾህ ይለቅማል። ወጣቱ መምህር ውኃ ጠጣ። መምህርቷ ወረቀቶቹን ወደ ሳጥኑ መለሰችና ሎሚ እንዳቀብላት ለመነችኝ። አቀበልኳት። አራቱም እንደገና መብላት ጀመሩ። የሚያኝኩት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ዓሣ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

ልጄ አልጮኸችም። «ዩማ» ብቻ ብላ ትንሽ ጠበቀችኝ። ውኃ ልቀዳ ስዞር ልብሷን በፌስታል ይዛ በዚያው ከሰዓት ሶባ ሰፈር ወደሚኖሩ የወሎ ልጆች ሄደች።

እሱን መጸየፍ አልከበደኝም፤ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። የከበደኝ የራሴ አፍ ነው። ለደኅንነቷ ብዬ ስሟን ቆረጥኩ፤ ለደኅንነቴ ብዬ ደግሞ ካድኳት። ሁለተኛውን ያደረግሁት ለሷ ነው ብዬ ራሴን ልዋሽ ሞክሬ ነበር። ምሳውን አንስቼ ሳህናቸውን አጠብኩ።

በስልክ ሁለቴ አገኘኋት። በሁለተኛው «አሁን አልችልም ዩማ፣ ስረጋጋ እደውላለሁ» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ጀመረ፣ መስመሩም ጠፋ። የውጭ አገር ሰዎች ሲወጡ ኡስታዝም ወጣ። እኔ ሐጅ ዩሱፍ፣ ድሮ በነበርንበት ሰፈር ነኝ። ሰው ሁሉ ሲሄድ አልሄድኩም፤ የምታውቀው አድራሻዬ ይሄ ነው።

አንዲት ሴት በገዳሪፍ መንገድ መኪና ላይ አየኋት አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ ኦምዱርማን ውስጥ ሕፃናት ስታስተምር አይቻታለሁ ትላለች። ሁለቱም እርግጠኛ አይደሉም። ስሟን እዚህም አልጽፍም፤ ኢቃማ እንደሌላት ነው። ልጄ አሁን ሃያዎቹን ጀምራለች፤ ረጅም፣ ጠይም ናት፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ አሳምራ ትናገራለች፣ አማርኛዋ ግን ይሰባበራል። ያያት ወይም ስለሷ የሰማ ሰው ካለ የት እንዳለች እንዲነግረኝ እለምናለሁ።